እማማ ኦሬሊያ ከክልላቸው አልወጡም

እማማ ኦሬሊያ ተንስታል ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሴት ናቸው። የከተማችን የፓርሰንስ ቤንድ ሰው ግማሹ በእሳቸው አውቶቡስ ያደገ ስለሆነ፣ ዛሬም ድምፃቸውን ሲሰማ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። እኔም ጭምር።

የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት የምርጫ ካርታውን እንደገና ሲያወጣ ከተማችንን እንደ ዳቦ ቆራርሶ ለሦስት የምርጫ ክልል አከፋፈላት። ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁር ሕዝብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነበርን፤ በአንድ ጀምበር የትም የማንበዛ ሆንን። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። አብዛኞቻችን ተናደን ቀረን። እማማ ኦሬሊያና ሁለት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ግን ክፍለ ግዛቱን ፍርድ ቤት ገተሩት።

ጉዳዩ ሲጓተት ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ዲያቆን ፌርሊ፣ ሞቱ። ሌላውን ልጆቻቸው ወደ ቺካጎ ወሰዷቸው። ከከሳሾቹ የቀሩት እማማ ኦሬሊያ ብቻ ሆኑ። በዚህ ላይ ዐውሎ ነፋስ መጣና የቤታቸውን ጣሪያ ግማሹን ይዞት ሄደ። እሳቸውም ቤቱን ሸራ አልብሰው ከወንዙ ማዶ፣ እህታቸው ቨርዴል ዘንድ ማደር ጀመሩ። ማዶው ደግሞ ሌላ የምርጫ ክልል ነው። የክፍለ ግዛቱ ጠበቆች ይህን ሲሰሙ ጊዜ አላጠፉም፤ ሴትየዋ ክልሉን ለቀዋል፣ በማይኖሩበት ክልል ሊከሱ አይችሉም፣ መዝገቡ ይዘጋልን አሉ። እሳቸው ከወደቁ የሁላችንም ክስ አብሮ ሊወድቅ ነው።

በችሎቱ ቀን የኋላውን ወንበር ሞልተን ተቀመጥን። የክፍለ ግዛቱ ጠበቃ የቤቱን ፎቶ አውጥቶ ለዳኛው አሳየ። ሸራ የለበሰ ጣሪያ፣ አንዲት ሣር የሌለበት ባዶ ግቢ። ሰው እንደማይኖርበት ግቢው ራሱ ይመሰክራል አለ።

እኛ ከኋላ ሳቃችንን አፈንን። በእኛ ሰፈር የሰነፍ ግቢ የሚባለው ሣር የበቀለበት ነው። እናቶቻችን ሣሩን ነቅለው፣ በቅርንጫፍ መጥረጊያ ጠርገው፣ አፈሩ ላይ የመጥረጊያው መስመር እስኪታይ ድረስ ያሳምሩታል። እባብ እንኳ ቢያልፍበት ዱካው ይታወቃል።

«ልጄ፣ እሱ እኮ የተጠረገ ግቢ ነው» አሉት እማማ ኦሬሊያ። «በየቅዳሜው የምጠርገው እኔ ነኝ። ሰው ጥሎት የሄደውን ቤት ይጠርጋል?»

ጠበቃው አፈረ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል ሰውየው እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ ሆኖ አልተገኘም። «ጠርገው ሲጨርሱስ የት ያድራሉ?» አላቸው።

ሊዋሹ ይችሉ ነበር። ግን መጽሐፍ ቅዱስ መትተው ምለዋል። «እህቴ ጋ» አሉ። ዳኛው በሚቀጥለው ሳምንት እመለስበታለሁ ብለው ተነሡ።

እማማ ኦሬሊያ ከችሎቱ በቀጥታ እህታቸው ቤት ሄደው ፍራሻቸውን ጠቀለሉና ቤታቸው ገቡ። ቨርዴል በረንዳው ድረስ ተከትላቸው መጣች።

«አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ዕድሜሽ ሸራ ሥር ልትሞቺልኝ ነው?»

«ከሞትኩም እዚሁ ክልሌ ውስጥ እሞታለሁ። አሁን ያንን ባልዲ አቀብይኝ።»

ጣሪያውን እኛ እንሥራልዎት ብለን ነበር፤ ዝናቡ ግን ሳምንቱን ሙሉ መሰላል የሚያስወጣ አልሆነም። ምግብ ይዘን ስንሄድ ፍራሻቸውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲጎትቱ እናገኛቸዋለን። እባክዎ ለአንድ ሌሊት እንኳ ይምጡ ብንላቸው የሚሰማን የለም። አንዳንዴ እኔ ራሴ ግትርነታቸው ያበሳጨኝ ነበር፤ ወዲያው ደግሞ ግትርነቱ ለእኔም ጭምር መሆኑ ትዝ ይለኛል።

ሁለተኛው ችሎት ላይ እየሳሉ ቀረቡ። አሁን የት እንደሚያድሩ ተጠይቀው ቤቴ ነው አሉ። በዚህ ጊዜ ዳኛው ራሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠየቋቸው።

«ወይዘሮ ተንስታል፣ እህትዎ ዘንድ ደረቅ አልጋ እያለልዎ ለምን በሚያፈስ ቤት ያድራሉ?»

«ክቡር ዳኛ፣ ጣሪያዬን የወሰደው ነፋስ ነው። ነፋስን መክሰስ አልችልም» አሉ እማማ ኦሬሊያ። ከዚያ ወደ ጠበቆቹ ወንበር ዞረው ተመለከቱ። «ድምፄን የወሰዱብኝን ግን እችላለሁ።»

ዳኛው መዝገቡ አይዘጋም፣ ክርክሩ ይቀጥላል አሉ። ካርታው ገና አልተሻረም። እማማ ኦሬሊያም ከቤታቸው አልተነቃነቁም።