ለይቅርታ ሣር ይዤ ወደ ቢላ

ሰውየው ሽንኩርት መረጠ፣ አስመዘነ፣ ከፈለ። ፌስታሉን ተቀብሎ ሊሄድ ሲል ነው ዞር ብሎ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ፣ «ሃዳ ሰሚራ፣ ቢላ ከተማ ያለችው ልጅሽ ዓይኗ ብዙ ያያል አሉ። ብዙ የሚያይ ዓይን አቧራ ይገባበታል። ምከሪያት» ያለኝ። ሃዳ ሰሚራ በኦሮምኛ የሰሚራ እናት ማለት ነው፤ እዚህ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር፣ ጎረቤቱ ሁሉ የሚጠራኝ እንደዚያ ነው። እሱን ግን አይቼው አላውቅም። እጄ ሚዛኑ ላይ እንዳለ ቀረ። ቀትር ሳይሆን ሱቄን ዘጋሁ።

ሰሚራ ኮሌጅ ጨርሳ ቢላ ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምትሠራ። ከሥራ ስትወጣ መረጃ አሰባሰብ አብረዋት ከሠለጠኑ ወጣቶች ጋር እየዞሩ የሰፈሩን የውሃ ቦኖ በስልክ ያነሳሉ። የቱ ይፈሳል፣ የቱ ደርቋል ብለው ቴሌግራም ላይ ያወጣሉ፤ ኃላፊ የተባለውም እዚያው ላይ እንዲመልስ ይጠይቃሉ። በዚያ ሰሞን «ተጠግኗል የተባለው ቦኖ» ብላ ደረቁን ቧንቧ፣ አጠገቡም የቆመውን የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ አውጥታ ነበር። ጎረቤቴ ስታሳየኝ ስቄ ነበር። ያን ቀን ግን ሳቅ ከየት ይመጣል።

ሐሳቤ አጭር ነው። ሰብሳቢውን በሽማግሌ ይቅርታ ልጠይቅና ልጄን ይዤ ልመለስ። እኛ ዘንድ ይቅርታ ለማኝ እርጥብ ሣር ይዞ ነው የሚሄድ።

በመንገድ ላይ

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ወረድኩ። ረዳቱ ከታሪፉ በላይ ጠየቀ፤ ሌላ ቀን ብሆን እከራከረው ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ማንጎ ነጋዴ ናት፤ ጫልቱ ነው ስሟ። ፊቴን አየት አድርጋ፣

«ለቅሶ ነው?» አለችኝ።

«የለም፣ ልጅ ላመጣ።»

«ኮብልላ?»

«ብትኮበልል ይሻለኝ ነበር» ብዬ ነገሩን አወራኋት።

«ያቺ የቦኖዋ ልጅ ያንቺ ናት? እኛ የቢላ ሴቶች እኮ እሷ ያወጣችውን አይተን ነው ጄሪካን የምናነሳ። ደርቋል ካለች አንደክምም።» ቀጠል አድርጋም «ግን እናቷ ብሆን እኔ ሣር አልይዝም፤ ጆሮዋን ነው የምይዝ» አለች። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ።

መጋቢት ነው፤ የሲሬ ማሳ ታርሶ ቀይ አፈሩ ለፀሐይ ተሰጥቷል። ሲሬን አልፈን ፍተሻ ላይ ወረድን። ወታደሩ መታወቂያዬን አገላብጦ አየ፤ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። «ነጋቲ፣ በሰላም ሂጂ» ብሎ መለሰልኝ። ከፍተሻው አለፍ ብሎ ያለ ሻይ ቤት ለቁርስ የበቆሎ ቂጣ በእርጎ አቀረቡልን፤ ድርሻዬን ለጫልቱ ሰጠኋት። ከአስፋልቱ ወጥተን ኮረኮንቹን ከያዝን በኋላ ሾፌሩ ሞተር ሊያበርድ ወንዝ ዳር ሲቆም፣ ወርጄ እርጥብ ሣር ነጭቼ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩ።

ቢላ

ሰሚራ ነገሩን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። ውሃ ጠጣችና፣

«እሺ እማ፣ አብሬሽ ነቀምቴ እመለሳለሁ። ሣሩን ግን ጣይው» አለችኝ።

«ለምን ተብሎ?»

«ይቅርታ ከጠየቅሽልኝ ዋሽታለች ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ የሚያወጡትን ማን ያምናል?»

«ውሸታም ተብለሽ ኑሪልኝ» አልኳት። ልብሷን እያጠፈች ሻንጣ ውስጥ መክተት ጀመረች።

ሲነጋ ኦቦ ዲንሳ የሚባሉ፣ በሰፈሩ የተከበሩ ሽማግሌ ዘንድ ሣሬን ይዤ ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ አስቀመጡኝ፤ ሱቄ መጥቶ ያስፈራራኝን ሰውዬ ነገርኳቸው።

«ልጅሽ ምን አጠፋች?»

«ቦኖ ፎቶ አነሳች።»

«ፎቶው ውሸት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ታዲያ እኔም አንቺም ሳናየው ይቅርታውን እንዴት ልሸከምልሽ? ተነሺ።»

ሰሚራን ጠርተን አብረን ወደ ቦኖው ወረድን። ሴቶች ጄሪካናቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል። ኦቦ ዲንሳ ቧንቧውን ከፈቱት፤ ነፋስ ብቻ ተነፈሰ። ሰብሳቢውን አስጠሩት። ወፍራም፣ ላብ ላብ የሚለው ሰው ነው። እኔ የጠበቅሁት አውሬ ነበር።

«ዕቃው ነገ ይገባል ስላሉኝ ተጠግኗል ብዬ ፈረምኩ» አለ። «ሳይገባ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ ልመልሰው?»

«እኛ ታዲያ ፊርማህን እንጠጣ?» አለች አንዷ ጄሪካኗን እያንኳኳች።

ኦቦ ዲንሳ አልሳቁም። «ነቀምቴ እናቷ ዘንድ የላክኸውስ ማንን ነው?»

«የሚስቴ ወንድም ነው። ምከሯት በል ነው ያልኩት።»

«ደውልለት። ሁላችን እንስማው።»

ደወለ። ያ ሽንኩርት የገዛኝ ሰውዬ ድምፅ መጣ፤ ሰው ተሰብስቦ እንደሚሰማው ሲነገረው ተንተባተበ። ሽማግሌው ወደ ልጄም ዞሩ።

«አንቺስ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የሰውየውን ፊት ስታወጪ ምን ሆነ ብለሽ ጠይቀሽዋል?»

«አልጠየቅኩም» አለች አንገቷን ደፍታ።

«የደረቀው ቧንቧው ነው። እሱም ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች አሉት።»

እዚያው ቆማ የቀድሞውን ፎቶ ከቴሌግራሙ አጠፋችው። የቧንቧውን ብቻ አወጣች፤ ሥሩም ሰብሳቢው በራሱ አፍ የተናገረውን ጻፈች። አንብባለት እሺ ካለ በኋላ ነው የላከችው።

ከዚያ ኦቦ ዲንሳ ሰብሳቢውን ትከሻውን ይዘው፣ «ከዛሬ ጀምሮ የዚች ልጅ ዋስ አንተ ነህ» አሉት። «እንቅፋት እንኳ ቢመታት የምንጠይቀው አንተን ነው።» ሰውየው ሴቶቹን አየ፤ እኔን አየ። «እሺ፣ ዋስ ነኝ» አለ፣ ሁሉም እየሰማ።

ሣሩ እጄ ላይ ጠውልጎ ነበር። ስንመለስ የኦቦ ዲንሳ ጥጃ በላው።

መመለሻ

ሰሚራ ልብሷን ከሻንጣው መልሳ ስታወጣ አየኋት። ይዤሽ ልሂድ የሚል ቃል ምላሴ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። ብቻዬን ተሳፈርኩ። ፍተሻው ላይ ዛሬም ፈራሁ፤ ፍርሃት በአንድ ቀን አይለቅም። ነቀምቴ ስገባ ስልኬ ጮኸ። ሰብሳቢው ነው።

«ሃዳ ሰሚራ፣ ገባሽ ወይ? ልጅሽ ሥራዋ ላይ ናት። አሁን በደጇ አልፌ አይቻት መጣሁ።»

«ገለቶሚ» አልኩት፤ ግራ ገብቶኝ ለአክብሮት የሚባለውን ትቼ ለቅርብ ሰው የሚባለውን ምስጋና ነው ያልኩት። እሱም አላረመኝም።

ይህን የጻፍኩት ልጆቹ በገጻቸው ላይ እናቶች ያንብቡት ስላሉኝ ነው። ልጄ ባታነሳው ያ ቦኖ ወረቀት ላይ ሲፈስ ይኖር ነበር። እኔም ሳላይ ሣሬን ሰጥቼ ብመለስ ኖሮ እውነቷን አብሬ በሰጠሁባት። ፈርታችሁ እንደኔ ልጅ ልትሰበስቡ ብትነሱ፣ መጀመሪያ ቧንቧውን ክፈቱና እዩ።

ዕቃው እስከ ዛሬ አልገባም፤ ሰሚራ «ገና ነው» ብላ ታወጣለች፣ ሰብሳቢውም ከሥሩ ይመልሳል። እኔ ሱቄን ከፍቻለሁ። ቤቴ ነኝ፣ ደህና ነኝ። ልጄም ደህና ናት።