ማሰሪያ የሌለው ግድግዳ

ሰፈሩ ሁሉ «ቱንቢ» ይለዋል። ግንበኛ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሲገነባ አንድም ግድግዳ አልጎበጠበትምና በክር ተንጠልጥሎ የግድግዳን ቀጥ ማለት በሚለካው ብረት ስም ጠሩት። ስሙን ይወደዋል። እውነቱን እንናገር ካልን ከሚገባው በላይ ይወደዋል።

የድንጋይ ግድግዳ ሁለት ፊት አለው፤ የውስጥና የውጭ። ሁለቱን የሚያያይዘው ከወዲህ ወዲያ የሚዘልቅ ረጅም ድንጋይ ነው፤ ማሰሪያ ይሉታል። ማሰሪያ ከሌለው ግን ሁለቱ ፊቶች እንደተኳረፉ ባልና ሚስት ጀርባ ለጀርባ ቆመዋል ማለት ነው። የጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል ሲሠራ ረጃጅሙ ድንጋይ ዘገየ። ቱንቢ ደግሞ «እስከ ቅዳሜ ካልጨረስኩ ቱንቢ አትበሉኝ» ብሎ ፎክሮ ነበር። መሀሉን በኮረትና በአፈር ሞላው፣ ለሰነው፣ ቅዳሜ ጨረሰ። ሥራውን የሚቆጣጠረው ወጣት መሐንዲስ ማሰሪያ አስገብተዋል ወይ ብሎ ሲጠይቀው «ይህም ይጠየቃል?» ብሎ ሳቀበት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከፊት ቆሞ ጸለየ፤ ምንም አልከበደውም።

በሁለተኛው ዓመት ልጁ እዚያው ክፍል ወለደች። ጠዋት ሊጠይቃት ሲገባ አልጋዋ ያንኑ ግድግዳ ተጠግቷል። አዋላጇ የልጅ ልጁን አስታቀፈችው። የሕፃኗን ጣቶች አያቸው። ከምስር ፍሬ ያነሱ ጥፍሮች፣ እያንዳንዳቸው በቦታቸው፣ አንዱም ሳይዛነፍ። ዘጠኝ ወር ሙሉ ማንም በማያይበት ጨለማ ነው ይህ ሁሉ የተሠራው፤ አንድም ቦታ አልተቸኮለበትም። ግድግዳውን ሊደገፍ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ይህን በስውር የሠራ አምላክ ከልስኑ በስተጀርባ ያለውንም ያያል። ሁለት ዓመት ሲያይ ኖሯል፤ እያየም ታግሶታል። ቱንቢ ዕድሜውን ሙሉ የሰው አፍ ሲፈራ የኖረ ሰው ነው፤ እግዚአብሔርን መፍራት ምን እንደሆነ ያወቀው ገና ያን ጠዋት ነው። እንዲህ ያለው ፍርሃት ጫማ ያስወልቃል እንጂ አያስሸሽም። ሕፃኗን ለእናቷ መለሰና አልጋው ከግድግዳው እንዲርቅ አዋላጇን ለመናት።

ግድግዳውን ሊያጋልጥ መሆኑን ሚስቱ ስትሰማ ደነገጠች። እስካሁን ከቆመ ምን አስጨነቀህ፣ ስምህን በገዛ እጅህ ልትቀብር ነው ወይ፣ ኃጢአት ከሆነብህ ለቄሱ ተናዘዝና ይብቃህ አለችው።

«ተናዝዣለሁ» አላት። «ሄደህ አፍርሰው አሉኝ።»

ሄዶ ለመሐንዲሱ ነገረው። ክፍሉ ባዶ ተደረገ። እሱ ሙያ ያስተማራቸው ግንበኞች ተሰብስበው እያዩ በገዛ መዶሻው ልስኑን አራገፈ። ጥቂት ድንጋይ እንደነቀለ ፊቱ ተንዶ ኮረቱ እግሩ ሥር ፈሰሰ። ከግንበኞቹ አንዱ፣ ቀልደኛው፣ ዛሬስ ቱንቢያችን ተጣመመ አለ፤ ሁሉም ሳቁ። ሳቁ ልክ እንደፈራው አመመው።

መሐንዲሱ አልሳቀም። «ሌላስ አለ ጋሼ?» አለው፣ ለወጉ ያህል።

ቱንቢ ቆርጦ የመጣው አንዱን ለመናገር ነበር። የለም ቢል ያምኑታል፤ ማን አፍርሶ ያያል?

«አለ» አለ። «የእርስዎ ቤት። ልጆችዎ የሚተኙበት ክፍል፣ በጓሮ በኩል ያለው ግድግዳ። ያን ጊዜም ቸኩዬ ነበር።»

ሳቁ ቀጥ አለ። የመሐንዲሱ ፊት አመድ መሰለ። ቱንቢ አንገቱን ደፍቶ ስድቡን ጠበቀ፤ ይገባኛል ብሎ ነው የጠበቀው። መሐንዲሱ ግን ከወደቀው ድንጋይ አጠገብ ሌላ መዶሻ አነሳ።

«መጀመሪያ ልጆቹን ላውጣ» አለ። «ከዚያ አብረን እናፈርሰዋለን።»

ተከታትለው ወጡ። ግንበኞቹ ከቆሙበት አልተነቃነቁም፤ ማንም ማንንም አያይም። ቀልደኛው ብቻ እስከ በሩ ተከተላቸውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ» አለ፣ «እኔም ሁለት አሉኝ።»