ሐረጎ ላይ የምትለወጠው አክስቴ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ፣ የሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ጆሮዬ ድፍን ይላል። ባለፈው ሳምንት እንኳ ሚኒባስ ውስጥ ድፍን ሲልብኝ፣ አክስቴ ተለውጣ እንደሆነ ለማየት ሳላስበው ወደ ጎኔ ዞርኩ። የተቀመጠው ግን አንድ ሪዛም ሰውዬ ነበር፤ ገላመጠኝ።

ይኸውልህ፣ ያሳደገችኝ አክስቴ ገራዶ ከሙስሊም ቤት ተወልዳ፣ ደሴ ሆጤ ክርስቲያን አግብታ፣ ተጠምቃ ሌላ ስም ወጣላት። ሆጤ ስትሆን ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሳቋን እንደ ስኳር ቆጥባ ትኖራለች። ሐረጎ ላይ ጆሯችን ሲደፈን ግን ነጠላውን አጣጥፋ ዘንቢሏ ውስጥ ትከትና ቀይ ሻሽ ታስራለች። ኮምቦልቻ እህቷ ደጅ ደርሳ "አሰላሙ አለይኩም!" ስትል እስከ ባቲ ይሰማል። እዚያ የሚጠሯት በልጅነት ስሟ ነው፤ እንደ ልቧ ትስቃለች፣ የቤት ሥራ ሠራህ ወይ ብላም አታውቅ።

ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ደሴ ፒያሳ ካሉ አሮጌ መጻሕፍት ሻጭ አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ የሥነ ልቦና መጽሐፍ ተዋስኩ። ሙጫና ጋዝ ጋዝ ይሸት ነበር። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት እየቆፈርኩ፣ ጸጉሬ ሊሸብት ትንሽ ሲቀረው፣ በአንዲት ሴት ውስጥ ሁለት ሴቶች ስለሚኖሩበት ሕመም አነበብኩ። ታማሚዋ ስትድን አንደኛዋ ትጠፋለች ይላል። የእኔዋ ስትድን የምትጠፋው የኮምቦልቻዋ ብትሆንስ?

መጽሐፉ የተደበቀችዋ እንዳትጠፋ በስሟ መጥራት ያሻል ይል ነበር። እናም የነፍስ አባቷ ጠበል ሊረጩ ሆጤ የመጡ ዕለት፣ እኔ፣ ሐኪሙ፣ በር ላይ ቆሜ በልጅነት ስሟ ተጣራሁ።

"አቤት!" አለች፣ ስሙን ሳልጨርሰው፣ በዚያው በኮምቦልቻ ድምፅዋ።

ባሏ መሬት መሬት አየ። ቄሱ ግን፣ "ምን ያስደነግጣችኋል? እናቷ ያወጣችላት ስም አይደል እንዴ?" ብለው መርጨታቸውን ቀጠሉ። አክስቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያ ስም እዚያ ቤት ተጠርቶ አያውቅም ነበር።

በሚቀጥለው ጉዟችን ፍርሃቴን ነገርኳት። ሻሿን ማሰሩን ትታ፣ ሐረጎን ወርደን እስክንጨርስ ሳቀች።

"ወላሂ መጽሐፍ አሳብዶሃል! ማን ሄዶ ማን ይቀራል፣ አንተ ጅል? አንዷ ስትታመም የምታስታምማት ሌላዋ አይደለችም?"

አሁን ልቦለድ እየጻፍኩ እኖራለሁ፤ አንድ ብቻ የሆነ ገጸ ባሕርይ ግን እስከ ዛሬ አልመጣልኝም።

ያረፈች ጊዜ ቄሶቹ በክርስትና ስሟ ጸለዩላት። አስከሬኗ ከሆጤው ቤት ሲወጣ፣ ከኮምቦልቻ የመጣችው እህቷ ሳጥኑን ይዛ በልጅነት ስሟ ተጣራች። ደግማ ተጣራች። ለቀስተኛው "ማንን ነው የምትጠራው?" ሲል እኔ "አቤት!" የሚለውን ድምፅ እየጠበቅኩ ነበር። ከደጃፉ ሳልነቃነቅ፣ ጆሮዬ ድፍን አለ።