መልሱ ከወንድሜ ስልክ ሲላክ

የበደለኝ ታናሽ ወንድሜ ተሾመ ነው። ጊዜው ባቡሩ በላንቻ በኩል ማለፍ የጀመረበት ዓመት ነበር። ስሙን የጻፍኩት እንዲያነበው ነው።

ሕመሙ በደም ጀመረ። ሰገራዬ ላይ አየሁት። ኪንታሮት መስሎኝ በርበሬ ተውኩ። ለውጥ አልነበረውም። አንድ ጠዋት ባምቢስ ጋ ታክሲ ስጠብቅ ጉልበቴ ከዳኝ፤ አጥር ተደግፌ ቆምኩ። በዚያው ሐኪም ቤት ሄድኩ። ኮሎኖስኮፒ፣ አንጀትን በካሜራ የሚያዩበት ምርመራ፣ ታዘዘልኝ፤ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ የደረሰ ቀን ሐኪሙ እኔን «እዚህ ይጠብቁ» አለኝና አብሮኝ የመጣውን ተሾመን ወደ ውስጥ ጠራው። የአገራችን ልማድ ነው። በሽታው የእኔ፣ ወሬው የዘመድ።

ተሾመ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። «አንጀትሽ ላይ ትንሽ ቁስል አለ እትዬ። ይቆርጡታል፣ በቃ» አለኝ።

ቆረጡት። ቀጥሎ በክንዴ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ተጀመረ። ተሾመ «ማጠናከሪያ ግሉኮስ ነው» አለኝ። እኔ ዕድሜዬን በመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት የጨረስኩ ሴት ነኝ። የክፍሉ በር ላይ «የካንሰር ሕክምና» ይላል። አነበብኩ፣ ገባሁ፣ ተኛሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ከጥቂት ዙር ኬሞቴራፒ በኋላ ተቅማጥ ያዘኝ። አልቆመም። ውሃ ስጠጣ ያስመልሰኛል። አፌ ቆሰለ። ከአልጋዬ መውረድ አቃተኝ። ካዛንቺስ አንድ ግቢ የምንኖር ጎረቤቴ ከድጃ ገብታ አየችኝ።

«በላይነሽ፣ ተደብቀሽ ልትሞቺ ነው እንዴ?» አለችና ላዳ ጠራች።

ሆስፒታል ግሉኮስ ተተከለልኝ። ነርሷ ሲስተር ሀያት ኮምፒውተሩን አይታ ግንባሯን ቋጠረች።

«እማማ፣ ትናንት በስልክ ስንጠይቅዎ ተቅማጥ የለብኝም ብለው መልሰዋል እኮ።»

«ማን ጠይቆኝ?»

ቁጥሩን አነበበችልኝ። የተሾመ ነው።

ነገሩን ያኔ ተረዳሁ። ሆስፒታሉ አዲስ አሠራር ጀምሮ ነበር። በየሳምንቱ ለታካሚው አጭር መልእክት ይልካል። ተቅማጥ አለ? ትኩሳት አለ? ደም አለ? ካለ አንድ ቁጥርን፣ ከሌለ ሁለት ቁጥርን መላክ ነው። አንድ የላከ ሰው ጋ ነርሷ ወዲያው ትደውላለች። ወንድሜ የእኔን ስልክ ትቶ የራሱን አስመዝግቧል። ሜክሲኮ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት ሲልክ ከርሟል።

ከሰዓት መጣ። ስጠይቀው አልካደም።

«መልእክቱ ላይ ካንሰር የሚል አለበት፣ እትዬ። እንዳታነቢው ብዬ ነው።»

«እሱንማ በሩ ላይ ጽፈውታል። ማንን ጠይቀህ ነው የለም ያልከው?»

«ስደውል ደህና ነኝ ትይኝ የለ?»

«ለአንተማ እላለሁ። ስለ ሰገራዬ ለወንድሜ ላወራ ኖሯል?»

ከድጃ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ሐኪሙ ሲገባ ተሾመን ውጭ እንዲጠብቅ አዘዝኩት። «ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ኩላሊትዎ ይጎዳ ነበር» አለኝ ሐኪሙ። ያን ቀን ስለ ራሴ ሕመም ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴ ተነገረኝ።

ሲስተር ሀያት የእኔን ቁጥር አስገባችና መልእክቱን እንዴት እንደምመልስ አልጋዬ ላይ ተቀምጣ አሳየችኝ። ከዚያ በኋላ አንድ በላክሁ ቁጥር እየደወለች፣ መድኃኒቱ በዝቶብኝ እንደሆነ ለሐኪሙ እየነገረች፣ የሚቀነሰው እየተቀነሰልኝ ሕክምናዬን ጨረስኩ። ቆይቶም በቴሌግራም የታካሚዎች ቡድን ውስጥ አስገባችኝ፤ እዚያም የትኛው ወጥ ሆድ እንደሚነፋ፣ ከሜክሲኮ እስከ ላንቻ ሳይገላምጡ ሽንት ቤታቸውን የሚፈቅዱት ካፌዎች የትኞቹ እንደሆኑ፣ ከዘመድ የምንደብቀውን ሁሉ ሳናፍር እንነጋገራለን። የኮሎኖስኮፒ ቀጠሮዬም ሲደርስ ስልኬ ያስታውሰኛል።

ሲስተር ሀያትንና ከድጃን አመሰግናለሁ። አንቺ አሁን በዚህ ሕመም ውስጥ ያለሽ እህቴ፣ የራስሽን ቁጥር ስጪ። ማንበብ ካልቻልሽ የሚያነብልሽን ሰው አንቺው ምረጪ፤ መልሱ ግን ከአፍሽ ይውጣ። ደህና ሳትሆኚ ደህና ነኝ አትበይ። አንቺም አስታማሚዋ፣ ስለ ሆዷ ራሷን ጠይቂያት።

ተሾመ ክፉ ሰው አይደለም ይሉኛል። አውቃለሁ። እናታችንም ሕመሟ ሳይነገራት ነው የሞተችው፤ ሌላ መንገድ አላየም። ነገር ግን የፈራው እሱ፣ ልትሞት የነበረችው እኔ።

አሁንም በየበዓሉ ይመጣል። ምሳ አቀርብለታለሁ። ሆስፒታል የተጠሪዬን ቁጥር ሲጠይቁኝ የከድጃን አስመዘገብኩ። እሱ ሲመጣ ስልኬን ቁም ሳጥን ውስጥ እቆልፋለሁ።