ለእህቴ ያካፈልኩት ካፕሱል

ጉበትሽ ላይ ስብ አለ ስባል መጀመሪያ የደነገጥኩት ለጤናዬ ሳይሆን ለስሜ ነበር። ጠላ እንኳ ቀምሼ አላውቅም። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ስፌት ማሽን ፊት ሃያ ዓመት የተቀመጥኩ ሴት ነኝ፤ ሰፈራችን ግን ጉበት ታመመ ከተባለ መጠጥ ነው የሚታየው። ሐኪሙ ሳቁና «የማይጠጣም ይይዘዋል፤ መቀመጥ ማብዛትም ያመጣዋል» አሉኝ።

ከዚያ ስለ አንድ ጥናት ነገሩኝ። ጉበትን ከጉዳት ይከላከላል የሚባል የቫይታሚን ካፕሱል እውነት ይሠራ እንደሆነ እየተፈተነ ነበር። ግማሻችን እውነተኛውን፣ ግማሻችን መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ ባዶ ካፕሱል በየቀኑ እንውጣለን፤ ለማን የቱ እንደደረሰ ሐኪሞቹም አያውቁም። ሳላመነታ ፈረምኩ። እኔ ራሴ ስፌቱን ሳልፈትሽ ልብስ ለሰው አልሰጥም፤ መድኃኒትስ ለምን ሳይፈተሽ ይሰጣል?

ለቡ የምትኖረው ታላቅ እህቴም ያው ሕመም ነበረባት። የስኳር መድኃኒት ስለምትወስድ ግን ጥናቱ አልተቀበላትም። አንድ ቅዳሜ ልጠይቃት ስሄድ ብልቃጡን አየችው።

«አካፍይኝ» አለች።

«እታለም፣ ለሙከራ የተሰጠ እኮ ነው።»

«አንድ ሆድ ነው ያወጣን። አንቺ ስትድኚ እኔ ቆሜ ልይ?»

ግማሹን ሰጠኋትና ለሁለት ሳምንት አንዱን ቀን እኔ፣ አንዱን ቀን እሷ ዋጥን። በሳምንቱ ደውላ «አራተኛ ፎቅ ሳላርፍ ወጣሁልሽ!» አለችኝ።

በቀጠሮዬ ቀን ነርሷ የተረፈውን ቆጠረች። ሁሉንም እኔ የዋጥኩት ይመስል ቁጥሩ ልክ ነበር። ልትጽፍ ስትል ግን መዝገቡን በእጄ ከለልኩት።

«ሲስተር፣ አይጻፉት። ግማሹን የዋጠችው እህቴ ናት።»

ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ብዕሯን አስቀመጠች። «እንኳን ነገሩኝ። ያልዋጡትን ዋጡ ብለን ብንጽፍ፣ የሚሠራውን መድኃኒት አይሠራም ብለን እንፈርድበት ነበር። ደግሞ እህትዎ ሌላ መድኃኒት ላይ ናቸው። ቢጎዳቸውስ?»

ይሄኛውን አላሰብኩትም ነበር። በማግስቱ እህቴን እያኮረፈች ወደ ሐኪሙ ይዣት ሄድኩ። ደሟ ተመረመረ፤ ደግነቱ ምንም አልሆነችም። ሐኪሙ ሁለታችንንም ጣፋጭ እንድንቀንስና በእግር እንድንሄድ አዘዙን። እኔም ከጥናቱ አልወጣሁም፤ ጥፋቴ እንዳለ ተጽፎ ቀጠልኩ። ታክሲውን ትተን ከለቡ ሀይሌ ጋርመንት በእግር መመላለስ የጀመርነው ያኔ ነው።

ጥናቱ ሲያልቅ የእኔ ባዶው እንደነበር ተነገረኝ። ለእህቴ ስደውል ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

«ባዶ ነው ያለው ማነው? እኔን አድኖኛል!» አለች።

በአልትራሳውንድ ስንታይ የሁለታችንም ስብ ቀንሷል። የሁሉም ተሳታፊ ውጤት ተደምሮ ምን እንደሚል ገና እየጠበቅን ነው። ሌላ ጥናት ሲከፈትም ስሜን ያስጻፍኩት ቀድሜ ነው። እህቴ አሁንም ካፕሱሉ ነው ትላለች፤ እኔ እግራችን ነው እላለሁ። ስንከራከር መንገዱ ያልቅልናል።