ከናጎያ ጊፉ በባቡር ሃያ ደቂቃ

ከገዳሪፍ የወጣን ማታ እናቴ እኔንም ታናሽ ወንድሜን ጌታሁንንም ጀላቢያ አልብሳ፣ ጥምጣም አስጠምጥማ፣ ሱዳናዊ አስመስላ ሸኘችን። ተስሪህ አልነበረንማ። ገዳሪፍ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለማያውቅ ግን፣ ስደተኛ ከከተማ ከተማ የሚሄድበት የይለፍ ወረቀት ነው። ያለ እሱ ለካርቱም ቀርቶ ለቅርቧ ከተማ ለፋው እንኳ ብትነሳ ኬላ ላይ ያወርዱሃል። እናቴ ገበያው ዳር ሻይ እየሸጠች ነው ያሳደገችን፤ ወታደሩን ሁሉ በሚጠጣው ስኳር ልክ ታውቀዋለች። «ዝም ብላችሁ እለፉ፤ የሚያሲዛችሁ አፋችሁ ነው» አለችን። ዝም ብለን አለፍን። ደህና ሁኚ እንኳ በወጉ አላልኳትም፣ ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ካርቱም ላይ ያገለገለ መኪና ከጃፓን የሚያስመጣ ነጋዴ ነበር። ረዳቶቼ ናቸው ብሎ ቪዛ አስወጣልንና ናጎያ ይዞን ገባ። ሥራው ሲያልቅ እሱ ተመለሰ፣ እኛ ቀረን። ጥገኝነት ጠየቅን፤ አይሆንም አሉን። አሰሩን፤ ወራት ቆይተው በዋስ ለቀቁን። ይህን በዋስ መለቀቅ ካሪሆመን ይሉታል። እኔ ናጎያ ዋስ አገኘሁ፣ ጌታሁን ደግሞ ጊፉ፤ በየዋሶቻችን አድራሻ ለያዩን። መሥራት ክልክል ነው። ከምትኖርበት ክፍለ ሀገር ያለ ፈቃድ መውጣትም ክልክል ነው። ናጎያና ጊፉ ደግሞ ክፍለ ሀገራቸው ለየብቻ ነው። አያችሁልኝ? ይህን ሁሉ ባሕር ተሻግሬ ሌላ ተስሪህ!

የእኔ ዋስ እማማ ሳቶ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ደግ ሴት። ሳቶ ሳን በሉኝ ይላሉ፤ እኔ እንዲህ ያሉ ትልቅ ሰው በስማቸው ጠርቼ ልቀሰፍ ነው? እማማ አልኳቸው፣ ለመዱት። ሩዛቸው ጨው አያውቅም። የሐምሌው ሙቀት እንደ ገዳሪፍ ደረቅ መስሏችሁ እንዳትታለሉ፤ እርጥብ ነው፣ ልብስህ ላይ ይጣበቃል። ባቡሩ ውስጥ ሰው አይነጋገርም። ገዳሪፍ ሎሪ ላይ ብትሳፈር ሳትወርድ የጎንህን ሰውዬ ዘር ማንዘር ታውቃለህ፤ እዚህ ስታስነጥስ እንኳ ይማርህ የሚል የለም።

አንድ ቀን እማማ ሳቶ ሰልችቶህ ይሆናል ብለው ትንሽ መጽሐፍ ሰጡኝ፤ ከናጎያ በባቡር ደርሶ መልስ የሚኬድባቸውን ቦታዎች የሚዘረዝር። ኢኑያማ፣ ቤተ መንግሥት አለው። ቶኮናሜ፣ የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነው። ሁለቱም እዚሁ ክፍለ ሀገር ስለሆኑ ሄድን፤ ከምድጃዎቹ ጭስ ማውጫ ሥር አቁመው ፎቶ አነሱኝ። ጊፉ ግን ከሁሉም የቀረበው ነው። ሃያ ደቂቃ! ወንድሜ ሃያ ደቂቃ ላይ ተቀምጦ እኔ የሸክላ ጭስ ማውጫ ስጎበኝ ዋልኩ።

ከዚያ አጎቴ ከገዳሪፍ ደወለ። ነገሩን አዙሮ አዙሮ፣ መጀመሪያ እማማ ሳቶ ቤት መኖራቸውን አረጋገጠ፤ ከዚያ እናታችን ማረፏን ነገረኝ። እኔን በስልክ ያረዳኝ ሌላ የሚልከው ሰው ስላጣ ነው፣ አሥር ጊዜ ይቅርታ ጠየቀኝ። ለጌታሁን ግን እንዲህ እንዳይሆን አስጠነቀቀኝ፤ ልጅ ነው፣ ብቻውን ነው፣ ራሱን ይጎዳል፣ ማልደህ ደርሰህ አቅፈህ አርዳው አለኝ። «ሃያ ደቂቃ ነው አላልከኝም እንዴ?» አለ። ብዬዋለሁ። ቅርብ ነን ብዬ እናቴን ላጽናና የነዛሁት ጉራ ነው።

በነጋታው ከእማማ ሳቶ ጋር ፈቃድ የሚሰጠው የኢሚግሬሽን ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ትሑት ነው፤ እየሰገደ ነው የሚያናድድህ። ቅጽ ሰጠኝ፤ ምክንያትህን በሳጥኑ ላይ አመልክት ይላል። ሆስፒታል፣ ፍርድ ቤት፣ ጠበቃ፣ ቀብር። መርዶ የሚል የለም። ቀብር ላይ ምልክት አደረግሁ።

«ቀብሩ ጊፉ ነው?»

«ገዳሪፍ ነው። ተፈጽሟል።»

«እንግዲያው የሚሄዱበት ቀብር የለም» አለኝ በትሕትና። «ለወንድምዎ በስልክ ቢነግሩትስ?»

መርዶ በስልክ አይነገርም ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ። ሰው በጠዋት ተሰብስቦ ይሄዳል፣ ልጁን ከበው ይይዙታል፣ ይጮኻል፣ መሬት ላይ ይወድቃል፣ ያነሱታል። ልጁ ሁሉንም ጻፈ። ከዚያ የሞት ምስክር ወረቀት ተተርጉሞ ይቅረብ አለ። የሻይ ሴት ገዳሪፍ ላይ ስትሞት ማን ወረቀት ይሰጣታል? ስትኖርም አልሰጧት። ደሜ ፈላ። እማማ ሳቶ ከወገባቸው ጎንበስ እያሉ ለመኑልኝ፤ እኒያን ባልቴት ለእኔ ሲሰግዱ ሳይ አፈርኩ። ሹልክ ብዬ ልሂድ አልኳቸው። ብያዝ እንደገና እንደምታሰር፣ ጌታሁንም መዘዙ እንደሚተርፈው ነገሩኝ። እዚህ ጀላቢያ ለብሰህ የምታልፈው ኬላ የለም።

አጎቴ የመቃብሩን ፎቶ ላከ፤ አይበቃም አሉ። የቄሱን ደብዳቤ ላከ፤ ማኅተሙ አይነበብም አሉ። ጌታሁን በየእሁዱ ይደውላል። እናቴ የት ናት ይለኛል ብዬ ስፈራ፣ ቋራ ማዶ ጠበል ገብታለች፣ ስልክ አይያዝም ብዬ ቀድሜ ዋሸሁ። እሺ አለ፣ አልጠየቀኝም። ዕፎይ አልኩ፤ ምን ዓይነት ዕፎይታ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ከስልኩ በኋላ ፎጣ አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

ለሦስተኛ ጊዜ ከለከሉኝ፣ በዚያው ቀን ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። ጌታሁን ነው።

«አያ፣ ዛሬም ከለከሉኝ።»

«ምኑን?»

«አንተ ጋ መምጫውን። አንድ ወር ሙሉ ስመላለስ ነበር።»

ለምን እንደሚመጣ ጠየቅሁት። ፋው ያለው አብሮ አደጋችን እንደ ደወለለት ነገረኝ። ወንድምህ ሙላት ገና አልሰማም፣ እሱ ሆደ ባሻ ነው፣ በስልክ እንዳትነግረው፣ ሄደህ አቅፈህ አርዳው ብሎታል። መቼ እንደ ደወለለት ቆጠርኩ፤ አጎቴ ለእኔ በደወለበት ሳምንት ነው። ስለ ጠበሉ ስዋሸው የነበረው ለሚያውቅ ሰው ነው፤ እሱም እሺ ሲለኝ የነበረው እኔን ሊያተርፍ ነው።

«አያ» አለኝ፣ «አጠገብህ ሰው አለ?»

እማማ ሳቶን በእጄ ጠራኋቸው፤ መጥተው ምንጣፉ ላይ ከጎኔ ተንበረከኩ።

«አለ» አልኩት። «አንተስ?»

«የለም» አለኝ።