ቮስሎሩስ ደጅ ስጠና

ቅዳሜ፣ ንጋት 11 ሰዓት፣ ሮዘተንቪል

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰኔ እዚህ አፍሪካ ደቡብ ጫፍ ላይ ዝናብ የሌለው ደረቅ ክረምት ነው። ባለቤቴ ብርቱካን ሸሚዜን ተኩሳ ወንበር ላይ ሰቅላዋለች። "ዛሬ እንኳ ደህና ቃል ይዘህ ና" አለችኝ።

ወንድሟ ሳሙኤል ቮስሎሩስ ቤት ተከራይቶ፣ መደርደሪያ አስገጥሞ፣ ሱቁን ሳይከፍት ሁለት ወር ሆነው። የባለሱቆቹ ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ ማርቆስ "ይከፈት" ካላሉ እዚያ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ማንም አበሻ አይከፍትም፤ ቢከፍትም ውሎ አያድርም። እኔ ታላቅ ነኝና ለልመናው ተላክሁ። ይኸው አራተኛ ቅዳሜዬ ነው።

12 ሰዓት ተኩል፣ መሀል ከተማ፣ ታክሲ ተራ

ታክሲው እስኪሞላ ተቀምጠናል። አንዲት ሴትዮ ከሳፋ ማግዊኛ ትሸጣለች፤ የኛን ቦምቦሊኖ የሚመስል፣ በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ሊጥ። ሁለት ገዝቼ መጀመሪያ እጄን አሞቅሁበት።

ሆሳዕና የታሪክ መምህር ነበርኩ። የአውሮፓ ነገሥታት ሥልጣን እንዴት እንደያዙና እንዴት እንዳቆዩ ሳስተምር የምወደው አንድ የፈረንሳይ ንጉሥ ነበር። ከከተማ ወጣ ብሎ ትልቅ ቤተ መንግሥት ሠራና መኳንንቱን ሰበሰባቸው። ጠዋት ሸሚዙን ማን ያቀብል፣ ማታ መብራቱን ማን ይያዝ እያሉ እርስ በርስ ሲናከሱ ማን ያምፅበት? "ደጅ ጥናት በሉት" ስላቸው ተማሪዎቼ ይስቃሉ። አንዲት ልጅ ግን እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ርስት ካላቸው ለምን ጥለውት ወደ ቤታቸው አይሄዱም?"

"ለፈተና አይመጣም" አልኳት።

2 ሰዓት ተኩል፣ ቮስሎሩስ

ሹፌሩ ለምዶኛል። "ማይ ፍሬንድ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ነው የምትሠራው?"

"አይ፣ ሰው እጠብቃለሁ።"

"እሱም ሥራ ነው" ብሎ ሮቦት ከሚሉት የትራፊክ መብራት አለፍ ብሎ አወረደኝ።

አቶ ማርቆስ ግቢ ስደርስ ሰባት ሰው ቀድሞኛል። አንዱ ማንም ሳያዘው ባኪ የሚሏትን ጭነት መኪናቸውን ያጥባል። ላግዘው ብዬ ጨርቅ ባነሳ ዓይኑን አጉረጠረጠብኝ። ፕላስቲክ ወንበር ስቤ ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። አራት ሰዓት ሙሉ። ወገቤ አለቀ።

7 ሰዓት፣ እዚያው

ተጠራሁ። አቶ ማርቆስ ሃምሳ ያለፋቸው፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ምሳ ላይ ነበሩ። "የታሪክ መምህር ነህ አሉ። እስቲ እነዚያ ፈረንጆች ወንበራቸውን እንዴት ነበር የሚያቆዩት?"

ሌላ ቀን ቢሆን አሳምሬ እዋሽ ነበር። ድካሙ አናገረኝ። ስለ ሸሚዙም ስለ መብራቱም ነገርኳቸው። "በጦር ብቻ አይደለም፣ ጋሼ። ሰውየውን ደጃቸው አስቀምጠው በተስፋ ያኖሩታል። እምቢ አይሉት፣ እሺ አይሉት።"

መኪና አጣቢው ጨርቁን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል። በቃ፣ የሳሙኤልን ነገር ገደል ከተትኩት አልኩ በልቤ።

አቶ ማርቆስ እስኪያስላቸው ሳቁ። "ለካ ሳልማር ነው የማውቀው! በኋላስ ምን ጣላቸው?"

"ደጃቸው ያልመጡት ናቸው፣ ጋሼ። ዳቦ ያጡት።"

ጉርሻቸውን ያዝ አደረጉ። "እሱን ለሚመጣው ቅዳሜ አቆይልኝ" አሉና አጠገባቸው ወንበር አስጠጉልኝ።

"የሳሙኤል ነገርስ?"

"እናያለን። አንተ ብቻ እንዳትቀር።"

ተቀመጥኩ። ሰባቱም ሰዎች በበርና በመስኮት አዩኝ። ስጽፈው አፍራለሁ፤ ግን ደስ አለኝ።

ማታ 12 ሰዓት፣ ሮዘተንቪል

"ምን አሉ?" አለች ብርቱካን ጫማዬን ሳላወልቅ።

"እናያለን አሉ።"

"ተወው እንግዲህ። ሳሙኤልን አይቮሪ ፓርክ ያለው ጓደኛው አብረን እንሥራ ብሎታል። እዚያ ማንም ፈቃድ የሚጠይቀው የለም።"

"ኧረ አይሆንም" አልኩ ፈጥኜ። "አሁንማ አጠገባቸው ነው የምቀመጠው።"

ልክ እንደዚያች ተማሪ አየችኝ። "አጠገባቸው መቀመጥህ ለሳሙኤል ምን ይጠቅመዋል?"

ጫማዬን አውልቄ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ስልኳን አንስታ ለወንድሟ ደወለች። "ነገ ዕቃህን ጫን፣ አይቮሪ ፓርክ ትሄዳለህ" ስትለው እዚያው ሆኜ ይሰማኛል።

ሸሚዜን ራሴ አጠብኩና ለቅዳሜ ሰቀልኩት።